ሽሉ አሁን ይተላለፍ ወይስ ይቀዝቅዝ?

መሀል አዲስ አበባ ካሉት የመካንነት ሕክምና ክሊኒኮች የዋጋ ዝርዝር ይዘው የሚወጡ ባልና ሚስት መጀመሪያ የሚያወዳድሩት ከታች የተጻፈውን ድምር ነው። ከድምሩ በስተጀርባ ግን ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። በአንደኛው ከሴቷ የተወሰደው እንቁላል በላብራቶሪ ከወንዱ ዘር ጋር ተዋህዶ የሚፈጠረው ሽል፣ እንቁላሉ በተወሰደ በ3ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ወደ ማህፀን ይገባል፤ በሌላኛው ቀዝቅዞ ቢያንስ እስከሚቀጥለው የወር አበባ ዑደት ይቆያል።

ወዲያው ማስተላለፍ ለኪስ ይቀላል። የማቀዝቀዣ፣ የማቆያ፣ የማቅለጫና ለሁለተኛ ጊዜ ማህፀን የማዘጋጃ ክፍያ የለበትም። ከደሴ ወይም ከጅማ መጥታ ፒያሳ አካባቢ ቤት ተከራይታ ለምትታከም ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ያለው እንቁላል እንዲበዛ በሚወጋው መርፌ ላይ ነው። በአንዳንድ ሴቶች ላይ የእንቁላል ማምረቻው ከልክ በላይ ያብጣል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ እርግዝና ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ (የእንቁላል አወጣጥን የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) ያለባት ሴት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ናት።

ለእነዚህ ሴቶች ማቀዝቀዝን እመርጣለሁ፤ ማስረጃም አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የቻይና ጥናት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ካለባቸው 1,508 ሴቶች መካከል ሽላቸው ከቀዘቀዘላቸው 49.3 በመቶው፣ ወዲያው ከተላለፈላቸው ደግሞ 42 በመቶው ከመጀመሪያው ዙር ልጅ አገኙ። መካከለኛና ከባድ እብጠቱም ከ7.1 ወደ 1.3 በመቶ ወረደ። ይህን ይዞ ግን ለመጣ ሁሉ «የቀዘቀዘ ይሻላል» ማለት ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከቻይናና ከቬትናም የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ በሌለባቸው ሴቶች ላይ፣ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ደንበኛ ሁሉ እንዲያቀዘቅዝ የሚገፋ ክሊኒክ ካጋጠማችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

የዘመድ ስጋት «ከበረዶ የወጣ ልጅ ይታመማል» የሚል ነው። ከቀዘቀዘ ሽል የመጀመሪያው ልጅ አውስትራሊያ ውስጥ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው እጅግ በዝቷል። በጥናት የታየው ልዩነት፣ የቀዘቀዘው ሲተላለፍ የእናቲቱ የእርግዝና ደም ግፊት በመጠኑ መጨመሩና የሕፃኑ ክብደት ከፍ ማለቱ ነው። ደም ግፊት ያለባት ሴት ይህን ከሐኪሟ ጋር ትነጋገርበት።

አቀዘቃዘዙም አንድ ዓይነት አይደለም። በድሮው ዘዴ ሽሉ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት እየተፈጠረ ሕዋሳቱን ይጎዳ ነበር። በአዲሱ ዘዴ ባለሙያው ሽሉን በማይክሮስኮፕ እያየ ዓይን በማይለያት ጠብታ ውስጥ፣ የሴቷ ስምና መለያ ቁጥር በተጻፈበት ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ያኖረውና በቅጽበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነክረዋል። በረዶ ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። በዚህ መንገድ ከቀዘቀዙት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሲቀልጡ ይተርፋሉ። ክሊኒኩ የሚጠቀመው የትኛውን እንደሆነ፣ የራሱ የመትረፍ መጠንም ስንት እንደሆነ ይንገራችሁ።

«መብራት ሲጠፋስ?» የሚለው የከተማችን ጥያቄ መልሱ ያጽናናል። ሽሎቹ የሚቀመጡበት ታንክ እንደ ፔርሙዝ ነው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚያቆየው ናይትሮጅኑ እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም። የሚያስፈራው የናይትሮጅኑ ማለቅና የማስጠንቀቂያ ደወሉ አለመሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ በአንድ ታንክ ብልሽት ከ4,000 በላይ እንቁላሎችና ሽሎች የጠፉት ደወሉ ጠፍቶ ስለነበር ነው። ናይትሮጅኑን ማን፣ በየስንት ቀኑ እንደሚሞላው፣ ደወሉ ሌሊት ወደ ማን ስልክ እንደሚደውል ጠይቁ።

ባንኮክ ወይም ዴልሂ ታክመው ሽላቸውን እዚያው የሚተዉም አሉ። የማቆያው ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከረከሰው ጋር አብራችሁ አስሉት። እዚህ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ውሉን አንብቡ፦ ክፍያ ቢዘገይ፣ ባልና ሚስት ቢለያዩ ወይም አንዳቸው ቢሞቱ ሽሉ ምን ይሆናል?

«60 በመቶ ስኬት» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ከስንት ውስጥ እንደሆነ ሳትሰሙ አትመኑ። ምርመራው እርግዝና ያሳየላቸው ናቸው ወይስ የወለዱ? ሽል ከተላለፈላቸው ነው የተሰላው ወይስ ሕክምናውን ከጀመሩት ሁሉ? የሴቷ ዕድሜስ? ከ35 ዓመት በታች ያለችና 43 የሞላት ሴት በገዛ እንቁላላቸው ያላቸው ዕድል እጅግ የተራራቀ ነው። ማቀዝቀዝ ዋጋውን የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው፦ በ34 ዓመቷ የተቀመጠ ሽል በ39 ዓመቷ ሲተላለፍ የእንቁላሉ ዕድሜ ያው 34 ነው። ሁለተኛ ልጅ የሚፈልጉ ባልና ሚስት የተረፈ ጥሩ ሽል ካላቸው፣ የማቆያውን ክፍያ ከሌላ ዙር መርፌ ዋጋ ጋር ያነጻጽሩት።