የዘገየ የታክስ ማሳወቂያዬን የያዘልኝ ቢሮ

የ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ገቢ ግብር ማሳወቂያዬ መግባት የነበረበት ኤፕሪል 15 ቀን 2024 ነበር። ወደዚህ ቢሮ የሄድኩት ግን ሴፕቴምበር 3 ቀን ነው። በኮንትራት የምሠራ በመሆኔ ከክፍያዬ ላይ ታክስ የሚቀንስልኝ አሠሪ አልነበረም፤ ዓመቱ ሲዘጋም 6,000 ዶላር ዕዳ ወጣብኝ። ቀድሞ ታክስ የሚሠራልኝ ሰው «ገንዘቡ ሲሟላልህ አንድ ላይ እናስገባዋለን» ስላለኝ፣ የማራዘሚያ ጥያቄ እንኳ ሳላቀርብ በጋውን ሙሉ ገንዘብ ሳጠራቅም ከረምኩ።

በዚህ ቢሮ የተቀበሉኝ ባለሙያ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስንት እንዳለኝ ሳይሆን ማሳወቂያው ገብቶ እንደሆነ ነው። አለመግባቱን ስነግራቸው ሌላውን ሥራ አቆይተው በዚያው ቀን አዘጋጅተው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ላኩልኝ፤ እኔም ያጠራቀምኩትን 6,000 ዶላር ወዲያውኑ ከፈልኩ። ቢሮውን ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ከዚያ በኋላ ስለሰጡኝ ማብራሪያ ነው፤ ለዓመታት ታክስ ሳሠራ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ዘግይቶ ማሳወቅና ዘግይቶ መክፈል በሕጉ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው። ዘግይቶ ማሳወቅ ካልተከፈለው ግብር ላይ በወር 5 በመቶ ሲያስቀጣ፣ ዘግይቶ መክፈል የሚያስቀጣው በወር 0.5 በመቶ ብቻ ነው፤ የወር ቁራጭም እንደ ሙሉ ወር ይቆጠራል። ሁለቱ በአንድ ወር ሲገናኙ የመጀመሪያው ወደ 4.5 በመቶ ዝቅ ይልና ድምሩ 5 በመቶ ይሆናል። የእኔ መዘግየት አምስተኛው ወር ውስጥ ስለገባ ባለማሳወቄ 1,350 ዶላር፣ ባለመክፈሌ 150 ዶላር፣ በጠቅላላው 1,500 ዶላር ቅጣት ተቆጠረብኝ። ኤፕሪል ላይ አንድ ሳንቲም ሳልከፍል ማሳወቂያውን ብቻ አስገብቼ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ የሚደርስብኝ 150ው ብቻ ነበር። ገንዘብ እስኪሞላ መጠበቅ እንደ ጥንቃቄ ሲቆጠር የኖረ ልማድ ነው፤ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሳየው ግን በጣም አዘንኩ፤ ያን ምክር ሰምተው ዛሬም የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁና።

ወለዱ ከቅጣቶቹ የተለየ ነው። መጠኑ በየሩብ ዓመቱ የሚወሰን ሲሆን፣ የአጭር ጊዜው የፌዴራል ወለድ ላይ ሦስት ነጥብ ተጨምሮበት በየቀኑ እየተደመረ ይታሰባል። በ2024 ዓመቱን ሙሉ 8 በመቶ ስለነበረ በ6,000ው ዶላር ላይ ብቻ ወደ 188 ዶላር ደርሶብኛል። ማራዘሚያ የሚጠየቅበት ቅጽ 4868ም ቢሆን የማሳወቂያውን ጊዜ እስከ ኦክቶበር 15 ይገፋል እንጂ የመክፈያውን ቀን አይገፋም።

ቅጣቱ እንዲነሣልኝ የቀድሞውን ባለሙያ ስህተት በምክንያትነት ላቀርብ ፈልጌ ነበር። ባለሙያዋ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 በቦይል ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ ጠቅሰው፣ በቀነ ገደቡ የማቅረብ ግዴታ የግብር ከፋዩ ራሱ ስለሆነ በሌላ ሰው ላይ መተማመን በቂ ምክንያት እንደማይሆን ነገሩኝ። ያለፉት ሦስት ዓመታት መዝገቤ ንጹሕ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት የሚሰጠውን የቅጣት ምሕረት በጽሑፍ ጠየቁልኝ። ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ 1,500 ዶላሩና በእርሱ ላይ የታሰበው ወለድ ተነሣ፤ በዋናው ግብር ላይ የታሰበው ወለድ ግን አይነሣምና ከፈልኩት። ውጤቱን አስቀድመው ሳያጋንኑ የሚነሣውንና የማይነሣውን ለይተው ስለነገሩኝ አክብሮቴ ጨምሯል።

ቅር ያሰኙኝ ነገሮችም አሉ። ምሕረቱን የመጠየቁ ሥራ ማሳወቂያውን ከማዘጋጀቱ ተለይቶ እንደሚከፈልበት ያወቅኩት ሒሳቡ ሲመጣልኝ ነው። ይህን ምሕረት ግብር ከፋዩ ራሱ ስልክ ደውሎ ወይም ጽፎ ያለ ክፍያ ሊጠይቅ እንደሚችልም ማንም አልነገረኝም። ብነገር ኖሮ ምናልባት አሁንም እነርሱን እመርጥ ነበር፤ ሆኖም ምርጫው የእኔ መሆን ነበረበት። የስቴት ታክስ የራሱ ቅጣትና ወለድ እንዳለውም ካልጠየቅኳቸው በቀር አላነሡልኝም ነበር።

ስለዚህ ዘግይቶ የመጣ ማሳወቂያ በእጁ ላለ ሰው ይህን ቢሮ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ዋጋውን ግን ሥራው ሳይጀመር ለእያንዳንዱ አገልግሎት ለይታችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከደመወዙ ታክስ ለሚቀነስበትና ማሳወቂያው ቀላል ለሆነ ሰው ይህን ያህል ክፍያ አስፈላጊ አይመስለኝም።

በዓመቱ ውስጥ በየጊዜው ቅድመ ክፍያ ባለመፈጸሜ የተጣለብኝ ሌላ ቅጣት ነበር፤ ምሕረቱ እርሱን ስለማይሸፍን ከፍዬዋለሁ። ባለሙያዋ ግን የ2024ቱን ቅድመ ክፍያ በዚያው ቀን አስልተው፣ ሦስተኛው የሚከፈልበት ሴፕቴምበር 15 እሑድ ስለሚውል እስከ ሰኞ መክፈል እንደምችል ነግረውኝ ነበር። ዓርብ ላይ ከፈልኩት።