በጅብራልታር የአንድ ቀን ጉብኝትና ጊዜ ያጣው ሻይ

ባለፈው መስከረም በስፔን ደቡባዊ ጠረፍ ለእረፍት በሄድንበት ሳምንት፣ ከማላጋ አካባቢ በማለዳ ተነስቶ ጅብራልታርን ካስጎበኘ በኋላ ማምሻውን የሚመልስ ጉዞ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ሄደን ነበር። ከቀረቡልን ጉዞዎች ሁሉ ይህን የመረጥነው ዋጋው ከሳንድዊችና ከኬክ ጋር የሚቀርበውን የእንግሊዞችን የከሰዓት በኋላ ሻይ ስለሚጨምር ነው፤ ስለዚህ ከጉብኝቱ ይልቅ ስለ ማዕዱ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ጉድለቱ የአንድ ቀን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሻይ ቤቱንም አስጎብኚውንም በስም አልጠራም።

ጅብራልታር ስፋቱ 7 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ በላዩ 426 ሜትር ከፍታ ያለው የኖራ ድንጋይ ተራራ የቆመበት ግዛት ነው። ስሙ የመጣው ጀበል ጣሪቅ ከሚለው የዓረብኛ አጠራር ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ711 ጦሩን ይዞ ከሞሮኮ በኩል የተሻገረውን ጣሪቅ ኢብን ዚያድን ያስታውሳል። በ1704 የእንግሊዝና የሆላንድ መርከቦች ያዙት፤ በ1713 ደግሞ በዩትሬክት ውል ስፔን ለእንግሊዝ ለቀቀችው። ከፀሐያማው የስፔን ከተማ ከላ ሊኔያ በእግር ተሻግሮ ቀዩን የፖስታ ሳጥን ማየትም፣ ሻይን በወተት መጠጣትም ከዚያ የመጣ ነው።

ጠዋቱን በትንሽ አውቶቡስ ከዩሮፓ ፖይንት የመብራት ማማ እስከ ቅዱስ ሚካኤል ዋሻ ወሰዱን። ከሁሉ የበለጠ ልቤን የነካው ከ1779 እስከ 1783 በቆየው ከበባ ወቅት ወታደሮች በመዶሻ፣ በመሮና በባሩድ የፈለፈሉት ዋሻ ነው፤ በመድፍ መስኮቶቹ አሻግረው ሲያዩ ስፔን እግር ሥር ተዘርግታ ትታያለች። ጭራ አልባዎቹ ጦጣዎች ግን ስለ ምግብ ጥንቃቄ ያስተምራሉ። እነሱን መመገብ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ ከፊታችን የነበረች ሴት የያዘችው የብስኩት ፌስታል በዓይን ጥቅሻ ከእጇ ተነጥቋል። ምግብ ይዞ ወደ ተራራው መውጣት አይገባም።

ሻይ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አሮጌ ሕንጻ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ እንጨት፣ የጠረጴዛው ልብስ ነጭና የተተኮሰ ነው፤ መስኮቱም ወደ ወደቡ ይመለከታል። ሻዩ በሸክላ በራድ መጣ፤ አስተናጋጇ ክዳኑን ከፍታ ቅጠሉን አሳየችንና አራት ደቂቃ እንድንታገስ ነገረችን። ሲቀዳ ቀለሙ እንደ ጠጅ የጠራ፣ ጣዕሙ ጠንካራ ሆኖ ምላስ የማያኮማትር ነበር። ከዚህ ቀደም በቀመስኳቸው ሻዮች ሁሉ ውኃው ለብ ብሎ ይመጣ ስለነበር፣ እዚህ በራዱ አስቀድሞ በፈላ ውኃ ተለቅልቆ መሞቁን ሳይ ሻይ በሚያውቅ ሰው እጅ መሆናችንን ተረዳሁ።

ምግቡ የቀረበበት ባለ ሦስት ደርብ የሳህን ማቆሚያ ግን እንደ ሻዩ አልነበረም። ስኮን የሚባለው ትንሽ ክብ ዳቦ ከምድጃ ገና የወጣ በመሆኑ በእጅ ሲገምሱት እንፋሎት ያወጣ ነበር፤ ወፍራሙ ክሬምና የእንጆሪው ማርማላታም ተስማምተውታል። ሳንድዊቹ በአንጻሩ ቀደም ብሎ ተቆርጦ የቆየ ስለነበር የዳቦው ጠርዝ ደርቆ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ የኪያሩም ውኃ መሐሉን አርሶታል። ከላይኛው ደርብ የነበሩት ኬኮች ደግሞ ከስኳር በቀር ይህ ነው የሚባል ጣዕም አልነበራቸውም።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሰችም፤ የጾም ምግብ እንደሚያስፈልጋትም ቦታ ስንይዝ በጽሑፍ አሳውቀናል፤ ሆኖም መልእክቱ ከአስጎብኚው ወደ ሻይ ቤቱ ስላልደረሰ፣ ከሦስቱ ደርቦች ቅቤ፣ ወተት ወይም እንቁላል ያልነካው አንድም ነገር አልነበረም። አስተናጋጇን ጠርቼ ስናስረዳት አልተከራከረችም። ጥቂት አሰበችና ወጥታ ከጎረቤት ዳቦ ቤት በወረቀት የተጠቀለለ ካለንቲታ ይዛ ተመለሰች፤ ሂሳቡንም ከእኛ አልተቀበለችም።

ካለንቲታ የጅብራልታር ሰዎች የራሳችን የሚሉት ምግብ ነው። የሽምብራ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ካደረ በኋላ ጨውና የወይራ ዘይት ገብቶበት በሰፊ ትሪ ይጋገራል፤ ሲቀርብም ቁንዶ በርበሬ ይነሰነስበታል። ከኢጣልያዋ ጄኖቫ በመጡ ሰፋሪዎች በኩል የገባ ሲሆን፣ ስሙ በስፓኝኛ ትኩሷ እንደማለት ነው። ላዩ ወርቃማና ደረቅ፣ ውስጡ እንደ ገንፎ ለስላሳ ነው። እናቴ አማትባ ከቆረሰች በኋላ ሽታውን ሳብ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ይኼማ የእኛው ሽምብራ ነው፤ ሚጥሚጣ ብቻ ነው የጎደለው» አለች። እኔም ቀመስኩት፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከቀረበው ምግብ ሁሉ ያስደሰተኝ እሱ ነው። ቤቱ በዝርዝሩ ውስጥ ቢያስገባው ለጾመኛም፣ ወተትና እንቁላል ለማይስማማቸውም እንግዶች ማዕዱ ሙሉ ይሆን ነበር።

ወደቡን እያየን ስለ ጃንሆይ ስደት ተነሳ። በ1928 ዓ.ም. ከጅቡቲ ኤንተርፕራይዝ በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ ደርሰው፣ ከዚያ ኬፕታውን በተባለው ሌላ የጦር መርከብ ወደ ጅብራልታር መጡ፤ ወደ ሳውዝሃምፕተን የወሰደቻቸውን ኦርፎርድ የተባለች የመንገደኞች መርከብም የተሳፈሩት እዚሁ ነው። እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ ወደ ውኃው ረጅም ጊዜ ተመለከተች። እኔም ሁለተኛ በራድ ልጠይቅ ስል አስጎብኚው ደረጃው ላይ ቆሞ አውቶቡሱ እየጠበቀ መሆኑን ተናገረ፤ ከተቀመጥን ገና አርባ ደቂቃ አልሞላንም።

ዋናው ቅሬታዬ ይህ ነው። አቦል ተጠጥቶ ቶናና በረካ ሳይደርስ እንግዳ እንደማይነሳ ሁሉ፣ የእንግሊዞቹም ሻይ በጨዋታ መሐል ደጋግሞ የሚቀዳ ነው። አስጎብኚው ለገበያ ከሰጠን አንድ ሰዓት ተኩል ግማሹን ለሻዩ ቢያዛውረው ኖሮ ማንም አይከፋም ነበር። በራስዎ የሚሄዱ ከሆነ ሻዩን በቀጥታ ከቤቱ ይያዙ፤ ለእንግዶች ሲሸጥ ያየሁት ዋጋ በሰው 28 ፓውንድ ነው፤ በራዱም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሞላል። መልሱን በጅብራልታር ፓውንድ ከሰጡዎ እዚያው ይጨርሱት፤ ዋጋው ከእንግሊዙ እኩል ቢሆንም የለንደን ሱቆች አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉትም።

ወደ ላ ሊኔያ የሚመለስ እግረኛ የአውሮፕላን ማረፊያውን ማኮብኮቢያ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። እኛ ስንደርስ አውሮፕላን ሊያርፍ ስለነበር በሩ ተዘጋና ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን፤ ሁለተኛው በራድ በደንብ የሚጠጣበት ጊዜ ነበር። እናቴ ከቦርሳዋ ያን ወረቀት አውጥታ የተረፈውን ካለንቲታ ለሦስት ቆረሰችልን። ቀዝቅዞም ይጥማል።