በዋልካ አፈር ላይ ለሚነጠፍ ግቢ የትኛው ይሻላል? አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ኮንክሪትና ገረጋንቲ ለጎንደር ባለንብረቶች ሲነጻጸሩ

ጎንደር ውስጥ የሆቴል፣ የመጋዘን፣ የትምህርት ቤት ወይም የመኖሪያ ግቢውን ለማስነጠፍ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አስፋልት ካሬው ስንት ነው? ኮብልስቶንስ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ቢሆንም ቀዳሚው ግን ሊሆን አይገባም፤ ምክንያቱም የሚሰጠው ዋጋ ብዙውን ጊዜ በዓይን ስለሚታየው ንጣፍ ብቻ ሲሆን፣ የግቢውን ዕድሜ የሚወስኑት ከንጣፉ ሥር ያለው አፈርና ወደዚያ አፈር የሚገባው ውኃ ናቸው። በኮረብታው ላይ፣ አፈሩ ስስ ሆኖ አለቱ ቅርብ በሆነበት ይዞታ፣ ባለንብረቱ እንደ ምርጫውና እንደ አቅሙ ቢያስነጥፍ ብዙም አይጎዳም። ከአዘዞ ወዲያ ወደ ደምቢያ ሜዳ በሚወርደው በኩልና ዋልካ በተኛበት ማናቸውም ዝቅተኛ ቦታ ግን የንጣፉ ዓይነት የሚመረጠው አፈሩ ከታወቀ በኋላ ነው።

ዋልካ፣ አንዳንዱ መረሬ የሚለው ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በግንቦት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የነበረበት መሬት በነሐሴ ስንጥቁ ጠፍቶ ከፍ ብሎ ይገኛል። ግቢው ከዚህ ወገን መሆኑን ለመጠርጠር በአጥሩ ላይ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚወርድ ስንጥቅ ወይም በክረምት አልዘጋ ብሎ በበጋ የሚላላ የብረት በር ይበቃል። ከጥርጣሬ አልፎ ለማረጋገጥ ደግሞ የአፈር ላቦራቶሪዎች የሚሠሩት ቀላል ፈተና አለ። ደርቆ የተፈጨና በደቂቅ ወንፊት ያለፈ 10 ሚሊ ሊትር አፈር 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለ መስመር ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጨመርና ውኃ ተሞልቶበት ለ24 ሰዓት ይቀመጣል። በማግስቱ የአፈሩ መጠን 20 ሚሊ ሊትር ላይ ከደረሰ አፈሩ መቶ በመቶ አብጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው አፈር ያለ ልዩ ዝግጅት ምንም ዓይነት ንጣፍ ሊሸከም አይገባውም። ከ50 በመቶ በታች ያበጠ አፈር ግን ብዙ ችግር አይፈጥርም። ናሙናው ከላይኛው ድልድል ሳይሆን ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ከሚደርስ ጥልቀት መወሰድ አለበት፤ በብዙ ግቢዎች ላይኛው አፈር ከሌላ ቦታ የመጣ ሙሌት ነውና።

ሌላው ቁጥር የመሸከም አቅሙ፣ ማለትም ከደንበኛ የተፈጨ ድንጋይ ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ የሚሰጠው ሲ.ቢ.አር. የሚባለው ልክ ነው። ውኃ የጠገበ ዋልካ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 በመቶ ብቻ ያወጣል፤ ለሰብ ቤዝ፣ ማለትም በአፈሩና በላይኛው ንጣፍ መካከል ለሚጠቀጠቀው ደጋፊ ንብብር፣ ከሚመረጥ ገረጋንቲ የሚጠበቀው ደግሞ 30 በመቶ ነው። ይህ ልዩነት የሚሞላው በንጣፉ ሳይሆን በሥሩ በሚሠራው ሥራ ነው።

ሥሩን ለማዘጋጀት ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በተመረጠ ገረጋንቲ መተካት ነው። ስፋቱን በቁጥር ለማየት 600 ካሬ ሜትር የሆነ ግቢ እንውሰድ። አፈሩ 60 ሳንቲ ሜትር ቢቆረጥ 360 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ ሲቆፈር ስለሚነፋም 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ሠላሳ ያህል ጉዞ ይሆናል። ያንኑ የሚያህል ገረጋንቲም ተመልሶ ይገባል። በዚሁ ግቢ ላይ የሚነጠፈው 5 ሳንቲ ሜትር አስፋልት ግን 72 ቶን ገደማ፣ ማለትም የሦስት ወይም የአራት መኪና ጭነት ብቻ ነው። እንግዲህ ተቋራጩ ዋጋውን ሲያቀርብ ስለ አራቱ መኪና በዝርዝር ጽፎ ስለ ስድሳው ጉዞ «የመሬት ዝግጅት» ብሎ በአንድ መስመር ካለፈው፣ ባለንብረቱ ሰነዱን መልሶ ቢያዘረዝረው ይሻላል። ጥልቀቱ፣ ገረጋንቲው የሚመጣበት ቦታ፣ በስንት ሳንቲ ሜትር ንብብር እንደሚጠቀጠቅና የተቆረጠው አፈር የት እንደሚደፋ ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

ሁለተኛው መንገድ ዋልካውን ከኖራ ጋር መቀላቀል ነው። የፋሲል ግቢን ግንብ ድንጋይ ከድንጋይ ያያያዘው ኖራ እዚህ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው፤ ካልሲየሙ የሸክላውን ጠባይ ለውጦ የማበጥ ኃይሉን ይቀንሳል። መጠኑ በላቦራቶሪ የሚወሰን ሆኖ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። ዘዴው ቁፋሮና ማመላለስን ያስቀራል፤ ነገር ግን የዋልካውን ጓል አድቅቆ ከኖራው ጋር በእኩል የሚያዋሕድ ማሽን ይፈልጋል። በአካፋ የተቀላቀለ ኖራ እዚህም እዚያም ነጭ ሆኖ ይቀራል እንጂ አፈሩን አይለውጥም። ስለዚህ ለአነስተኛ ግቢ ቆርጦ መተካቱን፣ ለሰፊ መጋዘን ደግሞ ኖራውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ንጣፎቹ እንምጣ። አስፋልትና ኮብልስቶን ከሁሉም በላይ የሚለያዩት በውኃ ላይ ባላቸው ጠባይ ነው። አስፋልት ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከላይ የሚወርደውን ዝናብ አያሳልፍም፤ ይህ ለዋልካ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከጎን ነው። በመካከል ያለው አፈር ተሸፍኖ እርጥበቱ እምብዛም ሳይለዋወጥ ሲቆይ፣ በጠርዙ ያለው ግን በየክረምቱ ያብጣል፣ በየበጋው ይኮማተራል፤ በዚህም ምክንያት ከጠርዙ ግማሽ ወይም አንድ ሜትር ገባ ብሎ ጠርዙን ተከትሎ የሚሄድ ረጅም ስንጥቅ ይወጣል። በክረምት ውኃው በዚያ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የአስፋልቱ ውኃ አለማሳለፍ ጥቅሙ ይቀራል። ኮብልስቶን በአንጻሩ ከመጀመሪያውም በድንጋዮቹ መካከል ውኃ ያሳልፋል፤ ሥሩ በዋልካ ላይ በቀጥታ የተደለደለ አሸዋ ከሆነ በመጀመሪያው ክረምት ይወላገዳል። ሥሩ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ከተሠራና ተዳፋቱ ከ2 በመቶ ካላነሰ ግን አፈሩ ትንሽ ቢንቀሳቀስም ንጣፉ አብሮ እየተንቀሳቀሰ ሳይሰበር ይኖራል።

ጥገናው ላይ ኮብልስቶን በግልጽ ይበልጣል። የሰመጠውን ቦታ ሁለት ሠራተኞች ድንጋዩን ነቅለው፣ ሥሩን ሞልተውና ጠቅጥቀው፣ ያንኑ ድንጋይ መልሰው ይደረድሩታል፤ ባዛልቱ በአካባቢው የሚገኝ፣ ጠራቢውም በከተማው ያለ ነው። የውኃ ቧንቧ ቢፈነዳም ንጣፉ ተነቅሎ ይመለሳል። አስፋልት ግን ለአንዲት ጉድጓድ እንኳን ትኩስ ድብልቅ፣ ሬንጅና ሮለር ይፈልጋል፤ ማምረቻው ደግሞ ለሁለት ቶን ብሎ አይነሣም። በዚህ የተነሣ በብዙ ግቢዎች ጉድጓዱ በአፈር ይሞላል፤ አፈሩም በሚቀጥለው ዝናብ ጭቃ ሆኖ ጉድጓዱን ያሰፋዋል። ደንበኛው ጥገና የተጎዳውን በአራት ማዕዘን እስከ ጤነኛው ክፍል ድረስ ቆርጦ፣ ግድግዳውን ሬንጅ ቀብቶ፣ በንብብር እየሞሉ መጠቅጠቅ ነው።

አስፋልት የሚበልጥበት ስፍራም አለ። አውቶቡስ የሚዞርበት የሆቴል መቆሚያና የጭነት መኪና የሚመላለስበት ሰፊ መጋዘን ለስላሳ፣ ቶሎ የሚጸዳና ጭቃ የማይዝ ወለል ይፈልጋሉ። ከባድ ጎማ በአንድ ቦታ ሲጠማዘዝ ኮብልስቶኑን ይፈነቅለዋል። አስፋልት የመረጠ ባለንብረት በንጣፉ ዕለት ሊያይ የሚገባው ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው። ከ120 ዲግሪ በታች ወርዶ የደረሰ ጭነት መመለስ ይገባዋል፤ መጠቅጠቁም ድብልቁ ወደ 85 ዲግሪ ሳይወርድ ማለቅ አለበት። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ጸሐይ ከፍ ካለች በኋላ ቢነጠፍ ይመረጣል። ከዚያ በፊት ቤዝ ኮርሱ (ከአስፋልቱ ሥር በቀጥታ ያለው የድንጋይ ንብብር) ላይ የሚረጨው ፕራይም ኮት የሚባል ቀጭን የሬንጅ ርጭት እስኪጠጣና እስኪደርቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን መታገሥ ያስፈልጋል።

ኮንክሪት የሚመረጠው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ቁልቁለት፣ ሁለተኛው ናፍጣ። ናፍጣ የአስፋልቱን ሬንጅ ስለሚያሟሟው ጄኔሬተር በቆመበት፣ ጋራዥ ባለበትና ነዳጅ በሚቀዳበት ቦታ አስፋልት ማንጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው። በዋልካ ላይ ግን ኮንክሪት ግትር ነው፤ ሥሩ ካበጠ ከመተጣጠፍ ይልቅ ይሰበራል፣ የተሰበረውንም ማንሣት ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ከ4 ሜትር ባልበለጠ ርቀት መገጣጠሚያ ሊቆረጥለትና ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ሊጠጣ ይገባል። ኢንተርሎክ የሚባለው የሲሚንቶ ንጣፍ በጠባዩ ወደ ኮብልስቶን ስለሚቀርብ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ 6 ሳንቲ ሜትሩ ለእግረኛና ለቤት መኪና፣ 8 ሳንቲ ሜትሩ ለጭነት መኪና ነው።

ገረጋንቲ ብቻውን በበጋ ይቦናል፣ በክረምትም በየዓመቱ ጭማሪ ይጠይቃል። ሆኖም ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃው ሰው ሥሩን በሚገባ አሠርቶ ንጣፉን ለአንድ ዓመት ቢያቆየው፣ ሥሩን ዘሎ አስፋልት ከሚያስነጥፈው ጎረቤቱ ይልቅ የተሻለ ገዝቷል። ክረምቱ የት እንደሚሰምጥና ውኃው የት እንደሚያቁር ያሳየዋል፤ ንጣፉ የሚመጣውም ያ ከታረመ በኋላ ይሆናል።

የሥራው ወቅትም ከዋጋው ባልተናነሰ ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ ሰው መሬቱ ጠንካራ ስለሚመስል በሚያዝያና በግንቦት ያስነጥፋል፤ ሆኖም ያን ጊዜ ዋልካው እጅግ ስለሚደርቅ ከንጣፉ ሥር እርጥበት ባገኘ ቁጥር ለማበጥ ሰፊ ቦታ አለው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ አፈሩ ለሥራ የሚመች ሆኖ ገና እርጥበቱን ሳይጨርስ ቆርጦ ወዲያው መሸፈን ይሻላል። የሆቴል ባለቤቶች «ለጥምቀት ይድረስልኝ» ማለታቸው ከዚህ አንጻር ጥሩ ነው፤ በኅዳር ከተጀመረ ይደርሳል፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ከተጀመረ ግን መጠቅጠቁ ይዘለላል።

የትኛውም ንጣፍ ቢመረጥ ከጠርዙ ውጭ አንድ ወይም አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ውኃ የማያሳልፍ መደብ ይሠራለት። ቦዩም ከንጣፉ ጥቂት ሜትሮች ይራቅ፤ ጠርዙ ሥር የተቆፈረና ውኃ የሚያቁር ቦይ ካለመኖሩ ይብሳል። የጣሪያው አሸንዳ ወደ ንጣፉ ጎን እንዳይፈስ፣ በየቀኑ የሚጠጣ የአበባ መደብም ከአስፋልት ጠርዝ ጋር እንዳይያያዝ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ ደግሞ አፈሩን መጥጦ ስለሚያደርቅ ቢያንስ የራሱን ቁመት ያህል መራቅ አለበት።

ለመኖሪያ ቤትና ለእንግዳ ማረፊያ በዋልካ ላይ ኮብልስቶንን እመክራለሁ። ከባድ መኪና ለሚበዛበት ሰፊ ግቢ አስፋልት ይሻላል፤ ይህም ባለቤቱ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ስንጥቆቹን አስጠርጎ በሬንጅ ለማስደፈን በጀት ከያዘ ነው። ለነዳጅ ቦታና ለቁልቁለት መግቢያ ኮንክሪት፣ በአንድ ግቢ ውስጥም አስፋልትንና ኮንክሪትን ማጣመር ይቻላል። ውሉ ላይ የሚያዘው መያዣ ገንዘብ ሥራው በተረከበ በወራት ውስጥ እንዳይለቀቅ መጠንቀቅ ይገባል። ዋልካ ጠባዩን የሚያሳየው ሙሉ ክረምትና ሙሉ በጋ ሲፈራረቁበት ስለሆነ፣ በጥር የተረከበ ግቢ መያዣው የሚለቀቀው በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት፣ ጠርዙ በጋራ ከታየ በኋላ ይሁን።