ግንባር ላይ የሚታሰረው ባትሪ ለሸረሪት ፍለጋ እንዴት ነው?

ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በአንዱ በ850 ብር የገዛሁትን የግንባር ባትሪ ነው የምገመግመው። ይህ ነው የሚባል ስም የለውም። ካርቶኑ ላይ የቻይንኛ ጽሑፍና ማንም የማያምነው ትልቅ የብርሃን ቁጥር አለ። ቁጥሩን ተዉት። ባትሪው ግን ላወጣሁበት ብር ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል። የገዛሁት ሸረሪት ለማየት ስለሆነ የምመዝነውም በዚያው ነው። መብራት ሲጠፋ ወጥ ለማማሰል ብቻ የሚፈልግ ሰው በግማሽ ዋጋ ሌላ ያገኛል።

ለምን ሸረሪት? የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ክረምቱ ሲወጣ «ሸረሪት ሸናብኝ» እያለ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አንገቱ ወይም ጎኑ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያሳየኛል። ሸረሪት በሽንቷ የሰው ቆዳ አታቃጥልም። ብዙ ጊዜ ነገሩ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ ጉድፍ የሚያመጣው ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሲነሳ ማለት ነው። ወይም ደግሞ ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ የሚያቃጥል ፈሳሽ የምትተው ቀጭን ጥንዚዛ ትሆናለች። ይህን በየቀኑ እያስረዳሁ የምትከሰሰዋን ፍጥረት ግን በቅጡ አይቻት አላውቅም ነበር። ይሄ ከነከነኝ። ለማየት ደግሞ ማታ መውጣት አለብኝ፤ ለማታ ባትሪ ያስፈልጋል።

ማታ በጓሯችን መሬት ላይ በቀላሉ የሚገኙት ተኩላ ሸረሪቶች ናቸው። ቤተሰቡ በሳይንስ ሊኮሲዴ ይባላል። ስዊድናዊው ካርል ሱንደቫል እ.ኤ.አ. በ1833 ራሱን የቻለ ቤተሰብ አድርጎ መደበው። ዛሬ ከ2,400 በላይ ዝርያ ተመዝግቦበታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን ስላደግን ሸረሪት ሲባል ድሩ ነው ቀድሞ ትዝ የሚለን። የዚህ ቤተሰብ አብዛኛው ግን ድር ዘርግቶ አይጠብቅም። ሮጦ ይይዛል፤ ወይም ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ ይዘላል። ሂፓሳን የመሳሰሉ ጥቂቶች ብቻ ናቸው መሬት ላይ ድር አንጥፈው የሚኖሩት።

እንግዲህ በእግር የሚያድን ፍጥረት ዓይን ያስፈልገዋል። ዓይኖቿ ስምንት ናቸው። ፊቷ ላይ ከታች አራት ጥቃቅን በአንድ መስመር፤ ከነሱ በላይ ሁለት ትልልቅ፤ ከዚያ ወደ ኋላ፣ አናቷ ላይ፣ ሁለት መካከለኛ። አራት፣ ሁለት፣ ሁለት። ቤተሰቡን ከሌሎቹ የምንለየው በዚህ አደራደር ነው። ከላይ ያሉት አራቱ ዓይኖች ከውስጣቸው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አላቸው፤ ታፔተም ይባላል። ድመትና ጅብም አላቸው። በዓይን ውስጥ ያለፈው ብርሃን ሽፋኑን መትቶ ሲመለስ ዓይኑ ያንኑ ብርሃን ዳግም ያገኘዋል። በጨለማ ለሚያድን እንስሳ ትልቅ ጥቅም ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ብርሃኑ የሚመለሰው ወደ መጣበት አቅጣጫ ነው። ባትሪውን ወገባችሁ ላይ ይዛችሁ ካበራችሁ ብልጭታው ወደ ወገባችሁ ይመለሳል፤ ዓይናችሁ ምንም አያይም። ሸረሪቷ እፊታችሁ ተቀምጣ ታልፏታላችሁ። ለዚህ ነው የእጅ ባትሪ የማልመክረው። የግንባሩ መብራት ከቅንድብ በላይ፣ ለዓይን ቅርብ ሆኖ ስለሚቀመጥ ብልጭታው በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባል። የስልክ መብራትም ጉንጭ ላይ አስጠግታችሁ ከያዛችሁት ይሠራል። ግን አንድ እጅ ይይዛል፣ ብርሃኑም ይበተናል።

የዚህ ባትሪ ጨረር ጠበብ ያለ ነው። ክፍል ለማብራት አይመችም፤ ለኔ ሥራ ግን ጥሩ ነው። ቤታችን ቁስቋም አካባቢ ነው፤ ጓሮው የጎመን መደብና የድንጋይ ካብ አለው። ማታ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቆም ብዬ ጨረሩን ከፊት ለፊቴ አምስት ስድስት ሜትር ላይ አሳርፋለሁ። ሣሩ መካከል ትናንሽ አረንጓዴ ነጥቦች ይበራሉ። ጤዛም ያብለጨልጫል። ጤዛ ግን ራሳችሁን ትንሽ ስታዘነብሉ ቀለሙን ይቀያይራል፣ ይጠፋል። የሸረሪት ዓይን ባለበት ይጸናል፤ ስትቀርቡት ደግሞ በሥሩ እግር ይታያል። የእህቴ ልጅ ናሆም ባትሪውን ተቀብሎኝ ግንባሩ ላይ እንዳሰረ «እትዬ፣ መሬቱ በሙሉ ያየናል እኮ!» አለኝ። ልክ ነው፤ እንደዚያ ነው የሚሰማው። ከዚያ ወዲያ ባትሪውን ለማስመለስ ልመና ነው።

ባትሪውን ያስወደደኝን ነገር ልንገራችሁ። ከካቡ ሥር አንዲት ትልቅ ሸረሪት አየን፤ ቡናማ፣ ጀርባዋ ላይ ነጣ ያለ መስመር ያላት። ከሆዷ ጫፍ ሽንብራ የምታህል ነጭ ኳስ ተለጥፋለች። የእንቁላል ከረጢቷ ናት። ድር በምታወጣባቸው ጣት መሰል ክፍሎች አጣብቃ ይዛው ትሮጣለች፤ ስታድንም አትጥለውም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ከረጢቱ ወገብ ላይ ዙሪያውን ስፌት የመሰለ ቀጭን መስመር አለ። ልጆቹ ሲደርሱ እናትየዋ በዚያ መስመር ላይ በመንጋጋዋ ትቀድላቸዋለች፤ በራሳቸው ቀደው መውጣት አይችሉም። ሲወጡ በእግሮቿ ሽቅብ ወጥተው ጀርባዋ ላይ ተደራርበው ይሰፍራሉ። ከእንቁላሉ የተረፈላቸው አስኳል ስላለ እዚያ ሆነው ማደን አያስፈልጋቸውም። ጉድጓድ ቆፍረው ከሚኖሩት መካከል ቀን ቀን ከረጢታቸውን ወደ ጉድጓዱ አፍ አውጥተው ፀሐይ የሚያሞቁም አሉ።

ሌላ ቀን ማታ ልጆቿን የተሸከመች አገኘን። ጨረሩ ሲያርፍባት የበራው የሷ ዓይን ብቻ አልነበረም። ጀርባዋ በሙሉ በጥቃቅን ብልጭታ ተሞላ፤ የልጆቹም ዓይን ይመልሳል። እናቴ ሳትቀር ከደጃፉ ተነስታ መጣች። «እንዴ! ይቺም እንደኛ ታዝላለች?» አለች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች። ለኔ 850 ብሩ እዚያች ላይ ተመልሷል።

እናትየዋ ከረጢቷን የያዘችበት ቦታ ለምደባም ይጠቅማል። ፒሳውሪዴ የሚባል የቅርብ ዘመድ ቤተሰብ አለ፤ የዚያ እናቶች ከረጢታቸውን በመንጋጋ ነክሰው ከደረታቸው ሥር ይዘው ነው የሚዞሩት። ከኋላ የተለጠፈ ካያችሁ ተኩላ ሸረሪት ናት። ዝርያውን ግን በባትሪም በስልክም አትለዩትም። እሱ የሚለየው በማይክሮስኮፕ ነው፤ ወንዱ አፉ አጠገብ ባሉት ሁለት አጫጭር እጆች ጫፍ ላይ ያለው የመራቢያ አካል፣ ሴቷ ደግሞ ሆዷ ሥር ያለው ጠንካራ ሰሌዳ ቅርጻቸው ይታያል። ፎቶ አንስታችሁ «ይቺ እገሌ የምትባለው ዝርያ ናት» የሚላችሁን ሰው ቶሎ አትመኑ።

ቀይ ብርሃንም አለው፤ ቁልፉን ሁለቴ መጫን ነው። በቀዩ ብልጭታው ደክሞ ስለሚታይ ለመፈለግ አይሆንም። ካገኛችሁ በኋላ ግን ወደ ቀይ ቀይሩት። ብዙ ሸረሪቶች ቀይ ብርሃን በደንብ አይታያቸውም፤ የኔዎቹም ነጩ ሲበዛባቸው ወደ ካቡ ይገባሉ፣ በቀዩ ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የእሳት ራትም በቀዩ ብዙ አይመጣም። በነጩ ግን ፊታችሁ ላይ እየተላተመ ያስቸግራል። ይሄ የሁሉም የግንባር ባትሪ ችግር ነው፤ ለብቻው ይሄንን አልወቅሰውም።

የምወቅሰው ማሰሪያውን ነው። ላስቲኩ ቶሎ ላላ። ሻሽ ላይ ሲታሰር ደግሞ ይንሸራተታል፤ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ ይወርዳል። ላስቲኩን አሳጥሬ ሰፋሁት፤ አሁን ደህና ነው። የቻርጀሩ ቀዳዳ ክዳንም ስስ ጎማ ነው። ዝናብ ላይ አላወጣውም፤ ክረምቱን ለመጠቀም ካሰባችሁ ይሄን አስቡበት። ቻርጁ ግን አያሳፍርም። ደብዛዛው ደረጃ ላይ አድርጌው ብዙ ማታ አስመሽቶኛል፤ ለሸረሪት ደግሞ ደብዛዛው ይበቃል።

ከዚያው ሱቅ ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ ማጉያ ሌንስም ገዝቻለሁ። እሱ መካከለኛ ነው። ጠርዙ ይደበዝዛል፣ በጣም ካልተጠጉ አያሳይም፤ ተኩላ ሸረሪት ደግሞ ያን ያህል አታስጠጋም። የጠቀመኝ ለሌላ ቤተሰብ ነው። ቀን ድንጋይ ስትገለብጡ ከሥር በስስ የድር ከረጢት ውስጥ የምታርፍ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ፣ ሰውነቷ ረዘም ጠፍጠፍ ያለ ሸረሪት ታገኛላችሁ። ግናፎሲዴ የሚባለው ቤተሰብ ነው፤ እሱም ከሁለት ሺህ በላይ ዝርያ አለው። ዓይኖቿ በሁለት መስመር ናቸው፣ ጥቃቅን ስለሆኑ በባትሪ ከሩቅ አይጠሩም። በሌንሱ የሚታየው ሆዷ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ቱቦ መሰል ድር ማውጫዎች ናቸው፤ ተራርቀው ወደ ኋላ ይወጣሉ። ከነሱ የሚወጣውን የሚያጣብቅ ድር እየሮጠች ባደነችው ነፍሳት እግር ላይ ትጠመጥመዋለች። ከራሷ የሚበልጥ እንኳ በዚህ ታስራለች። ድንጋዩን አይታችሁ ስትጨርሱ ቀስ ብላችሁ በነበረበት መልሱት፤ ከሥሩ እንቁላል ሊኖር ይችላል።

የሚፈራ ሰው እንዳይቀር ስለ ንክሻም ልበል። ተኩላ ሸረሪት በእጅ ካልያዟት ወይ ካልተጫኗት አትነክስም፤ ብትነክስም ያማል፣ ያብጣል፣ ለሰው ሕይወት ግን አታሰጋም። በኢጣሊያዋ ታራንቶ ከተማ አካባቢ ለዘመናት ሰዎች ከዚሁ ቤተሰብ የሆነች አንዲት ሸረሪት ነደፈችን እያሉ መርዙ እንዲወጣላቸው እስኪዝሉ ይጨፍሩ ነበር። ሰው ሁሉ ሸረሪትን መክሰስ ይወዳል። እኔን ይልቅ የሚያሰጋኝ ጅብ ነው። ከግቢ ውጭ ማታ ብቻችሁን አትውጡ። ከመሬት ከፍ ብለው ተራርቀው የሚበሩ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ካያችሁ የሸረሪት አይደሉም፤ ወደ ቤት ግቡ።

ስለ ሱቁ አንድ ነገር ልጨምር። ባለሱቁ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ጨለማ ውስጥ ልሞክረው» ስላቸው «ምን ችግር አለ እህቴ» ብለው የጓዳቸውን መጋረጃ ገለጡልኝ። ሦስት ዓይነት እያሰርኩ ስሞክር አልተሰላቹም። የመጀመሪያው ባትሪ ቁልፉ እምቢ ሲለኝ ያለ ደረሰኝ ክርክር ለወጡልኝ። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑት። የመብራቱን ራስ ወደ ታች አዘንብሉትና ባቆማችሁት ቦታ መቆሙን እዩ፤ ማጠፊያው የላላ ከሆነ ስትራመዱ ጨረሩ ይወርዳል። ጨረሩ ሰፊ የሆነውን ሳይሆን ጠባቡን ምረጡ፤ ነጭና ቀይ ያለው ደግሞ ይሻላል። ብር ቀርቷችሁ ሌንሱን ለመጨመር ካሰባችሁ ይቆይ፤ መጀመሪያ ጥሩ ማሰሪያ ግዙበት።