የእማዬ ፓምፕ በቴሌግራም ቦት፦ የስድስት ወር አጠቃቀም

ሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። እማዬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ፣ ደረጃ ወርዳ ፓምፑን ታበራ ነበር። ጉልበቷን ያማታል። አንጀቴን በላችኝና አልጋዋ ላይ ሆና በስልኳ የምታበራበት ነገር ልሠራላት ተነሳሁ።

መጀመሪያ በዋትሳፕ አሰብኩት። ነገር ግን ለእንዲህ ዓይነት ሥራ በነፃ የሚገኙት መተግበሪያዎች ብዙዎቹ በዋትሳፕ ዌብ በኩል ሰው መስለው የሚገቡ ናቸው። የዋትሳፕ ደንብ ይህን አይፈቅድም፤ ቁጥር ያዘጋል። እማዬ ደግሞ ዱባይ ካለችው እህቴ ጋር ድምፅ የምትለዋወጠው በዚያው ቁጥር ነው። ለፓምፕ ብዬ እሱን አላስነካም።

ቴሌግራም ለቦት፣ ማለትም መልእክት ተቀብሎ በራሱ ለሚሠራ ፕሮግራም፣ በሩን ራሱ ከፍቷል። ቦትፋዘር የሚባለው የቴሌግራም የራሱ ቦት ጋ ገብታችሁ ስም ታወጣላችሁ፣ ቶክን የሚባል የምስጢር ቁልፍ ይሰጣችኋል። አለቀ። ክፍያ የለውም። አንድ ኢኤስፒ8266 የሚባል ዋይፋይ ያለው ትንሽ ቦርድና አንድ ሪሌይ (ቦርዱ የሚያዝዘው ትንሽ ማብሪያ) ገዛሁ። ፓምፕ ሲነሳ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ሪሌዩ ኮንታክተርን (ብዙ ከረንት የሚችል ትልቅ ማብሪያ) እንዲያዝዝ አደረግኩ። ፓምፑን በቀጥታ ሪሌይ ላይ አትጫኑት።

ደንቡ ግን እዚህም አለ። ለአንድ ሰው በሰከንድ ከአንድ መልእክት በላይ፣ ለአንድ ግሩፕ በደቂቃ ከ20 በላይ እንዳትልኩ ይላል። ቦቱ የሮቶውን ልክ ቶሎ ቶሎ እንዲልክ ሳደርገው «429» የሚል ስህተት መጣብኝ፤ መልእክት በዛ ማለት ነው። አሁን ሲጋመስና ሲሞላ ብቻ ይናገራል። ለእማዬም የሚበቃት ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ የምታስፈራው ግን ሌላ ነገር ናት። ቦርዱ ኢንተርኔት ሲያጣ ቴሌግራም የተላከውን ትእዛዝ እስከ 24 ሰዓት ያቆይለታል። አንድ ሌሊት መብራት ሄደ። እማዬ «አብራ»ን ተጫነች፤ ዝም አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት መብራት ሲመጣ ፓምፑ ብቻውን ተነሳ። ቧንቧው ባዶ ነበር። እኔ ቤት ባልኖር በደረቁ ሲሽከረከር ይቃጠል ነበር። የዚያኑ ቀን ኮዱን አስተካከልኩ፤ አንድ ደቂቃ ያለፈውን ትእዛዝ አሁን አይሰማም። ይህን የምትሠሩ ሁሉ እባካችሁ የመልእክቱን ሰዓት ሳታዩ ምንም ነገር አታስነሱ።

ቶክኑንም እንደ ቤት ቁልፍ ያዙት። ኮዳችሁን ለሰው ስታሳዩ አውጡት፤ ካመለጣችሁ ቦትፋዘር ጋ ወዲያው አስቀይሩት። ቦቱን ደግሞ ማንም ፈልጎ ሊያገኘው ስለሚችል የእኛ የሚታዘዘው ለሦስታችን መለያ ቁጥር ብቻ ነው።

በስድስት ወር ውስጥ እማዬ ሌሊት የወረደችው ሁለቴ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ኔትወርክ አልነበረም። የእጅ ማብሪያውን ስላልነቀልኩት ደስ ይለኛል። በ2015 ዓ.ም. ቴሌግራም ከየካቲት እስከ ሐምሌ ተዘግቶ ነበር፤ ያኔ ይህ ቦት ቢኖረን ኖሮ ውኃ የምንቀዳው በዚያችው ማብሪያ ነበር።