ለትንሽ ጓሮ የቷ ሮዝ ጽጌረዳ ትሻላለች? ቲፋኒ፣ ፐርፊዩም ዲላይት፣ ሜሞሪያል ዴይ ወይስ ቤቨርሊ

እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ስትመጣ ከሱፐርማርኬት አንድ እቅፍ ሮዝ ጽጌረዳ ገዝቼ ጠበቅኋት። አፍንጫዋን አስጠጋች። ደገመች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና "ፕላስቲክ ነው እንዴ?" አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። እዚህ ሱቅ የምናገኘው ጽጌረዳ አብዛኛው ከኮሎምቢያና ከኢኳዶር በአውሮፕላን የሚመጣ ነው። ዝርያው የተመረጠው ግንዱ ረዝሞ፣ ጉዞ ችሎ፣ ብርጭቆ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆይ ነው። ሽታውን ያሰበለት የለም። ሽታ ያማረው ሰው ራሱ መትከል አለበት።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሜሪላንድ። የታውንሃውሱ ጓሮ ከአንድ ሰፊ ሳሎን አይበልጥም። ሦስት ጽጌረዳ ከያዘ ሞልቷል። ስለዚህ ምርጫ ላይ መሳሳት ያስቆጫል። ከዚህ በታች የማወዳድራቸው አራቱም ሮዝ ናቸው፣ አራቱም ይሸታሉ፣ አራቱም ሃይብሪድ ቲ የሚባለው ወገን ናቸው። ማለትም በረጅም ግንድ ጫፍ አንድ ትልቅ አበባ የሚያወጡ፣ ከሜይ እስከ ኦክቶበር እየተመላለሱ የሚያብቡ። የዚህ ወገን የመጀመሪያዋ እየተባለች የምትጠራው ላ ፍራንስ፣ ፈረንሳዊው ጊዮ እ.ኤ.አ. በ1867 ያወጣት፣ እሷም ሮዝ ነበረች፤ ሽታዋም የታወቀ። ነገሩ ከዘር ነው።

መጀመሪያ ግን አንዲት ከዝርዝሩ ውጭ ያለች ጽጌረዳ ላንሳ፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትባት። ኩዊን ኤልሳቤጥ ትባላለች። ስሟ ያምራል፣ ሮዝነቷ ያምራል፣ በሽታም እንደ ብዙዎቹ አያጠቃትም። ግን ሽታዋ ለስለስ ያለ ነው፤ ቁመቷ ደግሞ በቀላሉ ከሰው በላይ ይሄዳል። በትንሽ ጓሮ ውስጥ አበባዋን የሚያየው ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ነው። የሚገርመው ከቲፋኒ ጋር የእናት ልጆች ናቸው። የሁለቱም እናት ሻርሎት አርምስትሮንግ የምትባል ጽጌረዳ ናት፤ ሁለቱም በ1954 ወጡ፤ በ1955ም ሁለቱም የአሜሪካን ትልቁን የጽጌረዳ ሽልማት ወሰዱ። ሽታውን ግን ቲፋኒ ብቻዋን ጠቅልላ ወሰደችው።

ቲፋኒ ፈካ ያለ ሮዝ ናት። አበባው ሲከፈት ከሥሩ ቢጫ ብርሃን ያለበት ይመስላል። የአበባ ቅጠሏ ከ25 እስከ 30 ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ትከፈታለች። ሽታዋ ወደ ፍራፍሬ ይሄዳል፤ ጠንካራ ነው። በ1962 ለጥሩ ሽታ ብቻ የሚሰጠውን የጋምብል ሜዳሊያ አግኝታለች። ቀጥ ብላ ስለምታድግ ቦታ አትሻማም፤ ከአጥር ጋር ተጠግታ ትኖራለች። ድክመቷ ቅጠሏ ነው። ጁላይ ላይ እዚህ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ሲከብድ ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ይይዛታል። መጀመሪያ የታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ጥቁር ክብ ክብ ነገር ይወጣል። ዙሪያው ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ይረግፋል። ኦገስት ላይ ጫፏ ላይ አበባ፣ እግሯ ራቁቱን ሆና ታገኟታላችሁ።

ፐርፊዩም ዲላይት ላይ ብዙ አልቆይም። የ1970ዎቹ ልጅ ናት፣ ያንኑ ትልቅ ሽልማት በ1974 የወሰደች። ደማቅ ሮዝ፣ ትልቅ አበባ፣ የድሮ ጽጌረዳ ሽታ። ለመቁረጥ ካሰባችሁ ግንዷ ረጅም ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ታምራለች። ግን በአንድ ዙርና በሌላው መካከል ቆይታ ነው የምታብበው። በሽታውም ላይ ከቲፋኒ አትሻልም። ሰፊ ቦታ ቢኖረኝ እተክላታለሁ። የለኝም።

ሜሞሪያል ዴይ የ2004 ተሸላሚ ናት። ሮዝነቷ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነብላል። የአበባ ቅጠሏ ከ50 አያንስም፤ አንዷን አበባ በእጃችሁ ስታነሱ ክብደቷ ይታወቃችኋል። ሽታዋ የጽጌረዳ ውሃ የሚሸተውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው የሚለየው ነው። ሙቀት ትወዳለች፤ ሌላው በሚዝልበት ሰሞን እሷ ትደምቃለች። እሾህም ብዙ የላትም። ልጆች ኳስ ይዘው በሚሮጡበት ጠባብ ጓሮ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ የኔ ልጅ ቲፋኒ ላይ አንዴ ወድቆ ክንዱ ድመት የቧጨረው መስሎ ነበር። ጸደዩ ቀዝቃዛና ዝናባም ሲሆን ግን የመጀመሪያው አበባ በደንብ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። ቅጠሏም ከጥቁር ነጠብጣብ ነፃ አይደለም።

ቤቨርሊን ያወጧት ኮርደስ የሚባሉት ጀርመኖች ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሙከራ ማሳቸው ላይ የሻጋታ መድኃኒት መርጨት ካቆሙ ሠላሳ ዓመት አልፏል። የታመመው ይነቀላል፣ የተረፈው ይሸጣል። የቤቨርሊ ቅጠል ይህን ያሳያል፤ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ኦገስትም ላይ ከእግሯ እስከ አናቷ የለበሰች። አበባዋ ጥርት ያለ ሮዝ ነው። ሽታዋ ኮክና ሎሚ አንድ ላይ የተቆረጠ ያስመስላል። ጥንታዊውን የጽጌረዳ ሽታ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን "ጥሩ ናት፣ ግን ያቺ አይደለችም" ሊል ይችላል። ጎረቤቴ እንዲያ ብላኛለች።

እንግዲህ ልዩነቱ አበባው ላይ አይደለም። አራቱም በፎቶ ያማልላሉ። ልዩነቱ ሰፊ ጓሮ ያለው ሰው የማይጨነቅበት ነገር ላይ ነው። ትንሽ ቦታ ላይ አጥርና ግድግዳ ነፋስ ይከለክላሉ። ቅጠል ረጥቦ ይቆያል። የጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ደግሞ የሚፈልገው ቅጠሉ ለሰባት ሰዓት ያህል ረጥቦ እንዲቆይለት ብቻ ነው። ስለዚህ ማታ በጎማ ከላይ ማርከፍከፍ በሽታውን መጋበዝ ነው። ጠዋት፣ ሥሩ ላይ ብቻ አጠጡ። በአንዷና በሌላዋ መካከል ሰማንያ ሳንቲሜትር ያህል ተዉ። የረገፈውን ቅጠል ልቀሙ፣ ሥሩን በጉዝጓዝ አልብሱ። ይህን ሁሉ ልታደርጉ ካልቻላችሁ ቲፋኒን ተዉአት። ከጁን መጨረሻ ጀምሮ የሚመጣው መዳብ የመሰለ ጢንዚዛ ግን አራቱንም ይበላል፤ ማልዶ ገና ሳይነቃ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ ማራገፍ ነው።

አሁን ወደ መግዛቱ። ሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንዱ በማርች አካባቢ አፈር ሳይኖረው፣ ሥሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣው ነው። ይረክሳል፤ ከመተከሉ በፊት አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ማደር አለበት። አንደኛ ደረጃ የሚባለው ቢያንስ ሦስት ጠንካራ ግንድ ያለው ነው፤ እርሳስ የሚያካክሉ ሁለት ቀጫጭን ግንዶች ካያችሁ እለፉት። ሌላው በማሰሮ አፈር ይዞ በሜይ የሚመጣው ነው። ይወደዳል፤ ግን አበባውን አይታችሁ፣ አሽትታችሁ ትገዛላችሁ።

ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ግን አለ። በራሷ ሥር የቆመች ናት ወይስ እንደ አገር ቤቱ አቮካዶ በሌላ ሥር ላይ የተዳቀለች? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ገዝቼ ተሸውጃለሁ። ከአንድ ሱቅ የገዛኋት ቲፋኒ ሁለት ዓመት ቆንጆ ነበረች። በሦስተኛው ከሥር አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ወጣ። "በረታችልኝ" ብዬ ተደሰትኩ። ያ ቅርንጫፍ በቀጣዩ ሜይ ጥቁር ቀይ አበባ አወጣ፣ አንዴ ብቻ፣ ሽታ የሌለው። ዶክተር ሂዊ የሚባለው የሥር ጽጌረዳ ነበር፤ እዚህ አገር ብዙው ጽጌረዳ የሚዳቀልበት። ቲፋኒዬ ክረምቱን አልቻለችም፣ ሥሩ ግን ቻለ። በራሷ ሥር የቆመች ብትሆን ብርድ እስከ መሬት ቢያቃጥላትም ያው ራሷ ሆና ትበቅል ነበር። የተዳቀለች ከገዛችሁ የተጋጠመችበትን እብጠት ከአፈሩ በታች ሦስት አራት ጣት ቅበሩት፤ ከእብጠቱ በታች የሚወጣውንም ቅርንጫፍ ከመነሻው ገንጥሉት።

በረንዳ ብቻ ላለው ሰው ማሰሮው ወርዱም ጥልቀቱም ከ45 ሳንቲሜትር ማነስ የለበትም። ፀሐይ በቀን ስድስት ሰዓት ካልደረሰ ደግሞ የትኛዋንም አትግዙ፤ ገንዘባችሁን ያዙ።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። አንዲት ብቻ ለሚተክል፣ መድኃኒት መርጨት ለማይፈልግ፣ ሥራ ለሚበዛበት ሰው፦ ቤቨርሊ። ጓሮው በአስፋልትና በጡብ ተከቦ ለሚግል፣ ወይም ልጆች ላሉት፦ ሜሞሪያል ዴይ። ጠዋት ጠዋት ቅጠል እየለቀመ መዋል ለሚወድ፣ ጡረታ ለወጣ አባት ለምሳሌ፦ ቲፋኒ። እኔ ጡረታ አልወጣሁም፤ ግን ከኩሽናው በር አጠገብ ያለችው አሁንም ቲፋኒ ናት፣ በዚህ ጊዜ በራሷ ሥር የቆመች። እማዬ ስትመጣ እሷን ነው የምታሸተው።

ለመምረጥ ስትሄዱ ታዲያ ጠዋት ሂዱ፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው፣ ሞቅ ሲል ግን ፀሐዩ ሳይከር። ከሰዓት በኋላ ሽታው ተኗል። በደንብ ያልተከፈተ እንቡጥ አታሽቱ፤ ግማሽ የተከፈተውን አሽቱ። ቡና የሚቆላበት ቤት ውስጥ አምጥታችሁ አትፍረዱባት ደግሞ። ዕጣኑና ቡናው ባሉበት የትኛዋም ጽጌረዳ አታሸንፍም።