ባለ 3 ዶላሩ ዕቃ ስንት ኪሎ ተብሎ ይመጣል? ትንንሽ ዕቃ ከውጭ ለምታዝዙ

የስልክ ቻርጀር ሶኬት፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ የጆሮ ማዳመጫ ወይም የብሌንደር ጎማ ከውጭ ልታዝዙ ያሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ዕቃው 3 ዶላር ሆኖ ማጓጓዣው 28 ዶላር ሲባል ብዙ ሰው ሻጩን ነው የሚረግመው። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ብሩ የሚሄደው ካርቶኑ ውስጥ ላለው አየር ነው።

ዲኤችኤል፣ ፌዴክስና ዩፒኤስ ከአገር አገር ለሚሄድ እሽግ የሚያስከፍሉት ሚዛን አይተው ብቻ አይደለም። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ። ውጤቱ ከሚዛኑ ከበለጠ ሂሳቡ በእሱ ይሠራል። 120 ግራም የምትመዝን የጆሮ ማዳመጫ 20 በ15 በ10 የሆነ ካርቶን ውስጥ ከገባች 3000 ለ5000 ተካፍሎ 0.6 ኪሎ ትሆናለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ግማሽ ኪሎ ስለሚያጠጋጉት የ1 ኪሎ ዋጋ ይከፈልባታል። ያችው ዕቃ በፕላስቲክ ከረጢት፣ 20 በ15 በ3 ሆና ብትመጣ 0.18 ኪሎ ናት፤ በግማሽ ኪሎ ታልፋለች። ስለዚህ ለሻጩ «የፋብሪካውን ሳጥን አውጥተህ በከረጢት ላክልኝ፤ ከመላክህ በፊት የታሸገውን ልክና ክብደት ንገረኝ» ብላችሁ ጻፉለት። የስልክ ስክሪንና መስታወት ነክ ዕቃ ላይ ግን ይህን አትሞክሩት፤ በማጓጓዣ ያተረፋችሁትን በስብራት ትመልሱታላችሁ።

በቴሌግራም «ከቻይና፣ ከዱባይ በኪሎ እናመጣለን» የሚሉት ወኪሎች ዘንድ ደግሞ ወጥመዱ የኪሎው ዋጋ ላይ አይደለም። የኪሎው ዋጋ ሁሌም ያጓጓል። መጠየቅ ያለበት፣ ትንሹ የሚከፈልበት መጠን ስንት ነው? 1 ኪሎ ከሆነ 80 ግራሟ ሶኬት 1 ኪሎ ናት። አምስት ዕቃ ካዘዛችሁ አንድ ላይ ይመዘናል ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው ተጠጋግቶ ይደመራል? በካርቶኑ ስፋት የሚያስከፍሉ ከሆነስ ለስንት ነው የሚያካፍሉት? በአየር ካርጎ የተለመደው 6000 ነው። 40 በ30 በ25 የሆነ ካርቶን ለ6000 ሲካፈል 5 ኪሎ፣ ለ5000 ሲካፈል 6 ኪሎ ይወጣዋል፤ በአንድ አኃዝ ብቻ የአንድ ኪሎ ልዩነት። ከሻጩ እስከ ወኪሉ መጋዘን ያለውን የአገር ውስጥ ማጓጓዣ ማን እንደሚችል፣ ቀረጥ ተካትቶ እንደሆነ፣ የዶላሩ ምንዛሪ የታዘዘበት ቀን ይሁን ዕቃው የገባበት ቀን ሳትጠይቁ ቅድሚያ ክፍያ አትላኩ። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ዋጋው በገበያ የሚወሰን ስለሆነ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። መልሱን በጽሑፍ ያዙት፤ የድምፅ መልእክት ኋላ ለክርክር አይመችም።

ፓወር ባንክ ለብቻው ይታያል። ቻርጅ የሚደረግ ሊቲየም ባትሪ (ሊቲየም አዮን) ብቻውን ሲሆን በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይሄድ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ፓወር ባንክም የሚቆጠረው እንደዚያው ነው። በተለመደው የኪሎ ዋጋ ተስማምቶ፣ ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ «ባትሪ ስለሆነ ጨምሩ» የሚል ወኪል ይህን ሳያውቅ አይደለም።

አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ስሌት አለ። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው ዕቃው በተገዛበት ዋጋ ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንስና ማጓጓዣ ተደምሮበት ነው። ኢንሹራንሱን እንተወውና፣ 10 ዶላር የተገዛ ዕቃ 30 ዶላር ማጓጓዣ ካለበት መነሻው 40 ይሆናል። ቀረጡ 20 በመቶ ነው ብንል 8 ዶላር፤ በ48ቱ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 7.20። ሌላ ታክስ ሳይነሳ 15.20 ዶላር መሆኑ ነው፤ ከዕቃው ዋጋ በላይ። ማጓጓዣው ባይቆጠር ኖሮ 3.80 ብቻ ነበር። ውድ ማጓጓዣ ሁለቴ የሚያስከፍለው በዚህ ነው።

ካልቸኮላችሁ ፖስታ ይሻላል። ትንሽ ጥቅል እስከ 2 ኪሎ ነው፤ ሦስቱ ጎኖች ተደምረው ከ90 ሴንቲ ሜትር፣ አንዱ ጎን ብቻውን ከ60 መብለጥ የለበትም። የመከታተያ ቁጥሩን አስተውሉ፤ በአር (R) የሚጀምር በአደራ የተመዘገበ ነው፣ በኢ (E) የሚጀምር ኢኤምኤስ፣ ማለትም የፖስታ ፈጣን መልእክት ነው። በዩ (U) የሚጀምረው ግን እጃችሁ እስኪገባ የሚከታተለው የለም፤ ለእሱ «ትራኪንግ አለው» ተብሎ ጭማሪ አይከፈልም።

ዋጋውን ወደ ማጓጓዣ የሚያሸሹ ሻጮችም አሉ፤ ዕቃው 99 ሳንቲም፣ ማጓጓዣው 12 ዶላር። የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2011 ኮሚሽኑን ከማጓጓዣው ላይም መቁረጥ የጀመረው ለዚህ ነው። ዘዴው ግን አልጠፋም፤ ምክንያቱም ዕቃው ሲበላሽ ብዙ ሻጭ የሚመልሰው የዕቃውን ዋጋ ብቻ፣ ማለትም 99ኙን ሳንቲም ነው። በዋጋ ደርድሩ ስትሉ «ማጓጓዣን ጨምሮ» የሚለውን ምረጡ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያላችሁ፣ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን ከሰረዛችሁ ሻጩ መደበኛውን የመላኪያ ክፍያም መመለስ አለበት፤ የመመለሻው ወጪ ግን በእናንተ ነው።

አሜሪካ ሆናችሁ ነጠላ ወይም ሸማ ከአዲስ አበባ የምታስልኩ ደግሞ፣ እስከ 800 ዶላር ያለ ቀረጥ ያስገባ የነበረው መብት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ጀምሮ መታገዱን አስቡ። ከቀረጡ ሌላ አድራሹ ድርጅት ለማስፈጸሚያ የራሱን ክፍያ ሊጨምር ይችላል፤ ለአንዲት ነጠላ ይህ ከባድ ነው። ሦስት አራት ሰው ተሰብስቦ በአንድ ጥቅል ማስላክ ያዋጣል።

ወኪል ዘንድ ዕቃ ልትረከቡ ስትሄዱ ሜትር ያዙ። ካርቶኑን ሳይከፈት ለኩ፣ መለያ ወረቀቱን ፎቶ አንሱ፣ ልኩን አባዝታችሁ አካፍሉና ከተጠየቃችሁት ኪሎ ጋር አስተያዩ። ቀሪውን የምትከፍሉት ከዚህ በኋላ ነው።